ጨረሩ፣ ሶሪያሲሴ እና የአሮጌ አንሶላ ሸሚዝ

ሰው ምሳ በልቶ አስተያየት ይጽፋል። ስልክ ገዝቶ ይጽፋል። እኔ ዘንድሮ የገዛሁት የረባ ነገር የለም። የታዘዘልኝ ግን አለ፤ ለጡት ካንሰር 15 ቀን የጨረር ሕክምና። አገልግሎት ነው፣ ተገልግያለሁ፣ የምለውም አለኝ።

ኮምቦልቻ ልብስ እሰፋለሁ። 47 ዓመቴ ነው። የታከምኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ አዲስ አበባ ነው፣ ይበቃል። የማማርረው ነገር ስላለኝ ነው። ደግሞም እዚያ ውስጥ እንደ ልጅ የያዙኝ ሰዎች አሉ፤ በስም ጠርቼ ባማርር እነሱንም የሰደብኳቸው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ስለ ቆዳዬ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሱ ነው። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ። ስታኪው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፋል። ሰፈር ውስጥ አንዱ ችፌ ነው ይላል፣ ሌላው ጭርት ነው ይላል። እናቴ ቅቤ ቀባችኝ፣ አክስቴ እሬት፣ ፋርማሲው ደግሞ የጭርት ቅባት ሸጠልኝ። ስንት ዓመት! የጭርት ቅባቱ ገንዘቤን እንጂ ቅርፊቱን አላጠፋም። በመጨረሻ እህቴ ይዛኝ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድን። ወሎ ውስጥ ቆዳ ሲባል ሰው የሚያስበው ቦሩ ሜዳን ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ነው። ሐኪሙ ክርኔን ገና ሲያየው «ሶሪያሲስ ነው» አለኝ። አይጋባም፣ ንጽህና ከማጣትም አይመጣም፤ የሰውነት መከላከያ ከራሱ ቆዳ ጋር ሲጣላ የሚመጣ ነው አለኝ። ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ጀመርኩ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ። ቆዳዬ ሰው መሰለ።

ከዚያ የጡቴ ካንሰር መጣ። በግራ በኩል ነበር። ጡቴ በኦፕሬሽን ተነሳ፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወሰድኩ። ይሄን በአጭሩ ነው የማልፈው፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ላላለፈበት ደግሞ አላህ አያሳየው። ኬሞው ሲጀመር ሜቶትሬክሴቱን አቁሚ ተባልኩ፣ አቆምኩ። የሚገርመው ግን በኬሞው ጊዜ ቅርፊቱ እልም ብሎ ጠፋ። ፀጉሬም ጠፋ፣ ቅርፊቴም ጠፋ። እህቴ «አንዱን ሰጥተሽ አንዱን ተገላገልሽ» ብላ ስታስቀኝ ነበር።

ኬሞው ባለቀ በሁለተኛው ወር ተመለሰ። ያውም በአዲስ ቦታ፤ የኦፕሬሽኑ ጠባሳ ላይ። ልክ በመስመሩ፣ እንደ ዚግዛግ ስፌት። ለካ ሶሪያሲስ ጠባሳና ቁስል ይወዳል። ከብነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነገር ነው አሉኝ፤ ስሙም በሱ ነው የሚጠራው። ቆዳው በተቆረጠበት፣ በተላጠበት ወይም በተቃጠለበት ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ቅርፊት ይወጣል። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። የማውቀው ቤት ውስጥ የተረፈ ሜቶትሬክሴት እንዳለ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ጀመርኩት። ሁለት ሳምንት ዋጥኩ።

በዚህ መሐል የጨረር ቀጠሮዬ ደረሰ።

ደሴ ላይ ጨረር የለም፣ ኮምቦልቻም የለም። ድሮ ድሮ በሀገሪቱ በሙሉ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የነበረው። አሁን ጅማን የመሰሉ ቦታዎች ጀምረዋል፤ ለኛ ግን ያው መንገዱ አዲስ አበባ ነው። ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን። በኬሞ ለደከመ ሰው ረጅም ነው። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሂድ፤ ከዚሁ ከኮምቦልቻ ይነሳል።

ካርድ ክፍል ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ወረዳዬን ጠየቁኝ። ሪፈር ወረቀቴን አዩ። የባዮፕሲ፣ የሥጋ ናሙና ምርመራ ማለት ነው፣ ውጤቴን አዩ። ሐኪሟ ብብቴን ነካካች፣ ስለ ኬሞው ጠየቀችኝ፣ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። «የቆዳ በሽታ አለብዎት ወይ?» ያለኝ ግን የለም። እኔም አልተናገርኩም። ለካንሰር መጥቶ ስለ ክርን ማውራት ያሳፍራል። ደረቴ ላይ ያለውንም የቁስሉ ቅርፊት ነው ብለው አለፉት።

ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው። ወረፋው አይደለም፣ ብርዱ አይደለም። ይሄ አንድ ጥያቄ ነው።

ያዳነኝ ምን መሰላችሁ? የማሽኑ አተኛኘት። ጨረር ከመጀመሩ በፊት የልኬት ቀን አለ። ሲቲ ስካን ላይ ያስተኙሻል፣ ሁለቱንም እጅሽን ከጭንቅላትሽ በላይ አንስተሽ እንዲያርፍ ያደርጉታል። ከዚያ ቦታውን እየለኩ በቀለም ያሰምሩብሻል። እኔ እጄን ሳነሳ ክርኔ ማሽኑን በሚያሠራው ቴክኖሎጂስት ፊት ድቅን አለ። ልጅ ነው፣ የኔ ትልቁ ልጅ ዕድሜ ቢሆን ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሶሪያሲስ ነው ልጄ። የቆየ ነው፣ አይጋባም።»

«እሱን አውቃለሁ። መድኃኒት ይወስዱበታል?»

ስሙን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወጣ። ከሐኪሟ ጋር ተመለሰ። እኔ እጄን እንደሰቀልኩ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ እጅ ወደ ላይ የተባለ ሌባ ነው የምመስለው።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሉፐስ ወይም ስክሌሮደርማ ተብዬ እንደማውቅ ነው፤ እነሱም የሰውነት መከላከያ ከራሱ ሰውነት ጋር ሲጣላ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው። አይደለም አልኳት። ተነፈሰች። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ እነዚያ ሁለቱ፣ በተለይ ስክሌሮደርማ፣ ከጨረር በኋላ ቆዳውንና ከስሩ ያለውን ሥጋ ክፉኛ ሊያደነድኑት ይችላሉ። ስለዚህ ለነዚያ ሰዎች ጨረር ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ራሱ በደንብ ይመዘናል። ሶሪያሲስ ግን ጨረር አይከለክልም። ችፌም አይከለክልም። ቆዳው ሊቆጣ ስለሚችል ዝግጅት ነው የሚፈልገው። ሜቶትሬክሴቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ቆዳን ለጨረር ይበልጥ ስስ ያደርጋል። ሁለቱን አብሮ መውሰድ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው አለችኝ። ካንሰር ታክሜ ሳልጨርስ መከላከያ የሚያዳክም ክኒን በራሴ መጀመሬንም ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ዝም ብዬ ሰማሁ።

የቆዳ ሐኪሜን ወረቀት አምጪ ተባልኩ። እህቴ ደሴ ናት። በማግስቱ ቦሩ ሜዳ ሄዳ ካርዴን አስወጣች፣ ደብዳቤ አጻፈች፣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ያቺ አንዲት ወረቀት ብዙ ነገር ቀየረች። ክኒኑ ቆመ። ጨረሩ ተገፋ። ሞሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ክሬም ከመጀመሪያው ቀን እንድቀባ ታዘዘልኝ። ምልክቱን በንቅሳት ነጥብ ሊያደርጉት ነበር፤ መርፌው ራሱ አዲስ ቅርፊት ሊያስወጣ ይችላል ተብሎ በቀለም ብቻ ሆነ። እናቴ አንገቷ ላይ ሙሉ ንቅሳት ነበራት። ለውበት የሚነቀሱ የወሎ ሴቶች ልጅ፣ ለህክምና ሦስት ነጥብ ተከለከልኩ።

ቀለሙ ግን ጉድ አመጣ። ጠባሳዬ ላይ ያሰመሩት መስመር ቅርፊቱ ላይ ነው ያረፈው። ቅርፊቱ ሲረግፍ መስመሩም አብሮ ይረግፋል። ሰኞ ጠዋት ልብሴን ሳወልቅ ግማሹ የለም። ያ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ለክቶ አሰመረ። ከዚያ ነቃ፤ መስመሩን ቅርፊት ወደሌለበት ጎን አዛወረው። ሙያ ማለት እንዲህ ነው። እኔም ኪስ የምሰፋበትን ቦታ ጨርቁ ሲያስቸግር እንደዚያው ነው የማደርገው።

የጨረሩ ቁጥር ሲነገረኝ ደስ አለኝ። ከዚህ በፊት 25 ቀን፣ በአምስት ሳምንት፣ 50 ግሬይ ነበር የተለመደው። ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። የኔ 15 ቀን፣ በሦስት ሳምንት፣ 40 ግሬይ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች ሁለቱን አወዳድረው፣ የ10 ዓመት ክትትላቸውን በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አውጥተዋል። አጭሩ ካንሰሩን በመቆጣጠር አያንስም፣ ቆዳንም ይበልጥ አይጎዳም። ለኔ ዓይነት ቆዳ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለኔ ዓይነት ኪስም፤ የሁለት ሳምንት አልጋ ኪራይ ተረፈኝ።

ጨረሩ ራሱ አያምም። ትተኛለሽ፣ ያስተካክሉሻል፣ ይወጣሉ፣ በሩ ይዘጋል። ማሽኑ ዝዝዝ ይላል። ደቂቃዎች ናቸው። ክፍሉ ግን ብርድ ነው፤ የሐምሌ ደሴ ማለት ነው። ከወገብ በላይ ዕራቁት ሆኖ፣ እጅ ተሰቅሎ። መሸፈኛ ካልጠየቅሽ አይሰጡሽም። ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ እስኪያስተካክሉ ድረስ ይሸፍናል። ወንድ ቴክኖሎጂስት ከከበዳችሁ ሴት ትኑርልኝ በሉ። እኔ ጠይቄ ሁለት ቀን ተፈቀደልኝ። ከዚያ ልጁን ለመድኩት፣ ተውኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ቆመ። ሦስት ቀን። የደወለልን የለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን አግዳሚው ላይ ተደርድረን፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ «ዛሬ የለም» ተባልን። ከጅጅጋ ድረስ የመጡ ነበሩ። ስልካችን ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ! መልዕክት መላክ ስንት ሳንቲም ነው? ያለፈው ቀን በኋላ ተጨምሮልኝ 15ቱን ጨርሻለሁ፤ እሱ ላይ ቅር አይለኝም።

አግዳሚው ግን ትምህርት ቤት ነው። ከወልዲያ የመጣች ሴት ነበረች፤ እጇ ላይ ለምጽ አለባት። እሷ ብልህ ናት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን እጇን ዘርግታ አሳይታቸዋለች። ጨረሩ በሚያርፍበት ቦታ አዲስ ለምጽ ሊወጣ ይችላል ብለው ቀድመው ነግረዋታል። «ካንሰሩ ይሂድልኝ እንጂ ደረቴን ማን ያየዋል» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሌላዋ ማር አምጥታ ለሁሉ ታድል ነበር፣ ቀቡት እያለች። የባለቤቴ እህትም የጥቁር አዝሙድ ዘይት ላከችልኝ። አልቀባሁትም፤ ፀጉሬ ላይ አደረግኩት። እሬትንም ጠይቄ ነበር። በጥናት ተሞክሮ ለጨረር ቁስል ይሄ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም አሉኝ። ሞሜታዞኑ ግን ተሞክሮ ቃጠሎውን እንደሚያቀል ታይቷል። በቀን አንዴ፣ በስሱ። ነጭ ቫዝሊንም ጥሩ ነው፣ ሽታ የሌለው። ከጨረሩ በፊት ግን ወፍራም አድርጋችሁ እንዳትቀቡ።

መታጠብ ይቻላል። ይሄን የምጽፈው ብዙ ሰው ሦስት ሳምንት ሳይታጠብ ስለሚቀመጥ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሳያሹ። ለውዱእም ጠይቄ ነበር፤ ምንም አይልም ተባልኩ። ማሸትና መፈግፈግ ነው የተከለከለው።

የሚሰጡት ወረቀት ላይ «ቆዳዎ ይቀላል» ይላል። የማን ቆዳ? የኔ አልቀላም። ጠቆረ፤ መጀመሪያ እንደ ሻይ፣ ከዚያ እንደ ተቆላ ቡና። ሲስተሯ «አልቀላም፣ ደህና ነሽ» ስትለኝ፣ ከውስጥ እንደ ምድጃ ይግላል። ለኛ ቆዳ መጥቆሩ፣ መጋሉና ማሳከኩ ነው ምልክቱ። ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ሰው ይሄን ይጨምርልን።

አሁን ወደ ሙያዬ። ጡት ማስያዣ አልለብስም፤ ከግራ በኩል የሚያዝም የለም። ቲሸርት ለበስኩ፤ የብብቱ ስፌት እንደ መጋዝ ፈገፈገኝ። ሒጃቤ ፖሊስተር ነው፤ ጨረሩ አንገቴ ስርም ስለሚያርፍ እዚያ ላይ አሳከከኝ። ሦስተኛው ቀን ማታ በእጄ ሰፋሁ። ከቤት ይዤው የመጣሁት አሮጌ አንሶላ ነበር፤ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጥጥ፣ ስንት ዓመት ታጥቦ ታጥቦ እንደ ጉንጭ የለሰለሰ። አዲስ አቡጀዲ አትግዙ፤ እስኪለሰልስ ድረስ ጨረሩ ያልቃል። ብብቱን ሰፋ አድርጌ ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ፊቱን ክፍት አድርጌ በማሰሪያ አሰርኩት፣ ላስቲክ የለውም፣ ማርክ የለውም። ስፌቱን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣሁት። ከዚያው ጨርቅ ለአንገት የሚሆን ሻሽ ወጣ። ከቀባሁት ክሬም ሁሉ ይልቅ ለዚህች ሸሚዝ ነው ከ5 አምስት የምሰጠው። የራሴን ሥራ ማወደሴ ከሆነ፣ ይሁና።

15ኛው ቀን ሲያልቅ ቆዳዬ ደህና ነበር። ጨረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብዬ ተሳፈርኩ። ሰው የማይነግራችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የባሰው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚመጣው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት። የኔ በዘጠነኛው ቀን ብብቴ ውስጥ ፈንድቶ እርጥብ ሆኖ ተላጠ። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀት ነው፣ ያልባል። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እህቴ ቤት ገባሁ። የደሴን ብርድ በሕይወቴ እንደዚያ ወድጄው አላውቅም። እጄን በትራስ ላይ አድርጌ፣ ብብቴን ንፋስ እያስመታሁ ተቀመጥኩ።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጎዝ አድርገው በፕላስተር ለጠፉልኝ። ተው፣ ቆዳዬ ሶሪያሲስ ነው እያልኩ። «ይሄ ቀላል ነው» አለኝ የሚለጥፈው ሰው። ሲነሳ ቆዳ ይዞ ተነሳ። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ ቅርፊት ወጣ፤ በፕላስተሩ ልክ፣ አራት ማዕዘን። በማስመሪያ ቢሰመር እንደዚያ አይስተካከልም። ከዚያ በኋላ ጎዙን የሚይዝልኝ ሸሚዜ ሆነ። በተፈላ የጨው ውሃ ማጠብ፣ የማይጣበቅ ጎዝ፣ ከላይ ሸሚዝ፣ በቃ። ቆዳው በተከፈተበት ቦታ ሞሜታዞኑን አቁሚ ተብዬ ነበር፣ አቆምኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቀ።

ጠባሳዬ ላይ የነበረው ቅርፊትስ? ጠፋ። ከፕላስተሩ ቦታ በቀር ጨረሩ ባረፈበት ሁሉ ንጹሕ ነው። ክርኔ ላይ ያለው ግን ክኒኑ ስለቆመ ባሰበት። የቦሩ ሜዳው ሐኪም አይቶ ሳቀ። ለካ ድሮ ሶሪያሲስን ራሱ በደካማ ጨረር ያክሙት ነበር። አንዳንዱ ሰው ላይ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ይብሳል አለኝ። ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ የሚቀባ ሰጥቶኛል። ሜቶትሬክሴቱን ያለ ካንሰር ሐኪሟ ፈቃድ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። የተረፈውንም እህቴ ወስዳ ለፋርማሲ መለሰችው፤ አታምነኝም።

ውጤት ስጪ ካላችሁኝ፤ ለማሽኑና ለልጁ ከ5 አምስት። ለስልክ ጥሪው ዜሮ። ለካርድ ክፍሉ ሁለት፤ ቅጹ ላይ «የቆዳ በሽታ» የምትል አንዲት መስመር ከጨመሩ አራት አደርገዋለሁ። እስከዚያው እናንተ ራሳችሁ ተናገሩ። በልኬቱ ቀን፣ ከመስመሩ በፊት። ችፌም ይሁን፣ ለምጽም ይሁን፣ የምትቀቡትን ቱቦና የምትውጡትን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ከተማ አንዲት ሴት ሱቄ መጣች። ጨረር ልትጀምር ነው፤ ስለ ሸሚዙ ከእህቴ ሰምታ ነው። አሮጌ አንሶላዋን ይዛ መጥታለች፣ እኔው አምጪ ብያት። ሰፍቼ ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ ስፌቱ ተገልብጧል እኮ» አለችኝ።

«አልተገለበጠም። እንደዚያው ልበሺው።»